ጥያቄ የሚያበዛው ሰው ለቡቺ ይሻለዋል

«ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። የ27 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። ከሦስት ወር በፊት ዓይኔ እያየ ሚኒባስ አንድ ውሻ ገጭቶ ሲያመልጥ አላስችል ብሎኝ አንሥቼ ቤት አስገባሁት። ቡቺ ብዬዋለሁ። የኋላ እግሮቹን አያንቀሳቅስም፤ በፊት እግሮቹ ራሱን እየጎተተ ነው የሚሄደው። ያኔ ክሊኒክ ወስጄው ኤክስሬይ ተነሣ፤ ወገቡ ተሰብሯል አሉኝ። ከዚያ በኋላ አልተመለስኩም። ሽንቱ ራሱ ስለሚፈሰው ፓምፐርስ አደርግለታለሁ፤ ሰሞኑን ግን ሽታው ተለውጧል። ሲያቃስትብኝ ግማሽ ፍሬ ዲክሎፌናክ የሰጠሁት ጊዜ አለ። ክትባት አልተከተበም። ጣቱን ስቆነጥጠው እግሩን ስብስብ ያደርጋል፤ ተስፋ አለው ማለት ነው?

«ሚጡ የምትባል ሁለቱም ዓይኖቿ የጠፉ ድመትም አለችኝ። እናቴ ‹እሷን ለማንም አልሰጥም› ትላለች፤ እኔ ግን ዕውር ድመት እንዴት እንደምትያዝ አታውቅም ብዬ እሰጋለሁ።

«መሥሪያ ቤቴ ወደ ድሬዳዋ አዛውሮኛል። የቀረኝ ሁለት ወር ነው። የቡቺን ፎቶ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ስለጥፍ ‹ውይ ሲያሳዝን› የሚለው ሰው ለጉድ ነበር፤ እወስደዋለሁ ያሉኝ ግን ሦስት ብቻ ናቸው። አንዱ ሰበታ መጋዘን ያለው ሰውዬ ነው፤ ‹ይጩኽልኝ እንጂ እግሩ ግድ የለም› አለኝ። ሌላዋ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች የአክስቴ ልጅ ናት፤ ‹ላኪልኝ› እያለች ታለቅሳለች። ሦስተኛው ሰፈራችን የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሁለት ጊዜ መጥተው አዩት። ‹ሌሊት ያስነሣል ወይ? ስንት ኪሎ ይሆናል? እኔ ብታመም ማን ያየዋል?› እያሉ ሲጠይቁኝ ቆይተው ‹ገና አልወሰንኩም› ብለው ሄዱ። እናቴ ደግሞ ‹በመርፌ ይረፍ፤ ይሄ ኑሮ አይደለም› ትላለች። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ስለ አሳዳጊ ከማውራታችን በፊት ቡቺ በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። ሽታው ተለወጠ ያልሽው ነገር የሚያቆይ አይደለም። ወገቡ የተሰበረ ውሻ ሽንቱ ሲንጠባጠብ ያየ ሰው ሁሉ «ራሱ እየሸና ነው» ብሎ ይረጋጋል። ብዙ ጊዜ ግን የሚንጠባጠበው ከሞላው ፊኛ የተረፈው ነው፤ ዋናው ውስጡ ይቀራል። የተጠራቀመ ሽንት ያመረቅዛል፤ ኢንፌክሽኑ ወደ ኩላሊት ይወጣል፤ ከዚያ ትኩሳት፣ ምግብ መተው ይከተላል። እንደ ቡቺ ያሉ ውሾች ከግጭቱ ተርፈው፣ ሰው አግኝተው፣ ወራት ካለፉ በኋላ የሚሞቱት ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። እስካሁን ማንም ስላልነገረሽ እኔ በጣም አዝኛለሁ፤ ኤክስሬይ ያነሣልሽ ሰው ያን ዕለት ሊያሳይሽ ይገባ ነበር።

ፊኛውን በእጅ እየተጫኑ ማስወጣት ይቻላል። አጠገብሽ ሆኖ የሚያሳይሽ ሐኪም ያስፈልግሻል፤ ምን እንደሚጠብቅሽ ግን ልንገርሽ። ውሻው በጎኑ ይተኛል፣ ወይም ሌላ ሰው ከኋላ ደግፎ ያቆመዋል። በሁለት እጅሽ ሆዱን ከግራና ከቀኝ ይዘሽ ከጎድኑ ወደ ኋላ እግሮቹ ስትሄጂ ብርቱካን የሚያህል ድቡልቡል ነገር በጣትሽ ታገኚያለሽ። ፊኛው እሱ ነው። ጭምቅ አታደርጊውም፤ ሁለቱም እጆችሽ እኩል እየተጫኑ ቀስ ብለሽ ወደ ጅራቱ ትገፊዋለሽ። መጀመሪያ ጠብ ጠብ ይላል፣ ቀጥሎ ይወርዳል። ሲያልቅ ድቡልቡሉ ከጣትሽ ሥር ይጠፋል፤ ባዶ ሆነ የምትይው ያኔ ብቻ ነው። አልወርድ ብሎ ከጠነከረብሽ በጉልበት አትግፊው፣ ሊቀደድ ይችላል። እንዲህ ዓይነቱን የሚያላላ መድኃኒት ስላለ ለሐኪሙ ንገሪው። ይሄ ሥራ በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ፣ በየስድስት እስከ ስምንት ሰዓቱ ይሠራል። እጅ ከለመደው በኋላ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው፤ ቀን የሚዘለል ግን አይደለም፤ በዓል የለው፣ ለቅሶ የለው።

ፓምፐርሱን አትተዪው፤ ግን ረጥቦ እንዳይቆይ። ሽንት የነካው ቆዳ ይቃጠላልና ጭኑና ብልቱ አካባቢ ያለውን ፀጉር አሳጥረሽ ቁረጪለት፤ ለብ ባለ ውሃ አጥበሽ፣ በደንብ አድርቀሽ ስስ ቫዝሊን ቀቢው። ወፍራም ስፖንጅ ላይ ይተኛ፤ በየአራት አምስት ሰዓቱ ጎኑን አገላብጪው። ዳሌውና ጉልበቱ ላይ ፀጉር መርገፍ፣ መቅላት ካየሽ የመኝታ ቁስል እየጀመረው ነው። ሊሾ ላይ መጎተት ራሱ ቆዳ ይልጣልና የሚመላለስበት ቦታ ላይ ምንጣፍ ጣይበት። ስታነሺው በሆዱ ሥር ፎጣ አሳልፈሽ ሁለቱን ጫፍ ይዘሽ ከፍ ብታደርጊው ወገብሽም ወገቡም ይተርፋል። ጎማ ያለው ጋሪም ይሠራለታል፤ ቀጭን የፕላስቲክ ቧንቧ፣ የልጅ ብስክሌት ጎማ፣ ደረቱንና ዳሌውን የሚይዝ ሰፊ ቀበቶ ነው የሚፈልገው። ልኩን ለክተሽ ከሰጠሽው የቧንቧ ሠራተኛ አያቅተውም። መጀመሪያ ላይ ከሩብ ሰዓት በላይ አታቁሚው፤ ቀበቶው የሚነካውን ቦታም ሁሌ ፈትሺ። ጋሪ ላይ አይተኛም፤ ብቻውን ሆኖም ጋሪው ላይ አይቆይም።

ዲክሎፌናኩን አቁሚ። ለሰው የተሠራ የሕመም ማስታገሻ የውሻን ጨጓራ ያደማል፣ ኩላሊት ይጎዳል። ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ካስመለሰው ሳታድሪ ሐኪም ጥሪ። ፓራሲታሞል ደግሞ ለሚጡ በምንም ምክንያት አትስጫት፤ አንዲት ፍሬ ድመትን ትገድላለች። ዴቶልም እንዲሁ ለድመት መርዝ ነው፤ ፀጉሯን ስትልስ ወደ ሆዷ ይገባል። ቁስል የሚታጠበው በጨው ውሃ ነው፤ ግማሽ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል።

ክትባቱም በዚሁ ቀን ይሁን፤ ለሁለቱም። ከመንገድ የመጣ እግሩ የማይሠራ ውሻ ሲያጋጥም የእብድ ውሻ በሽታ መጠርጠር አለበት፤ ሁሉም የታመመ ውሻ አረፋ አይደፍቅም፣ አይናከስም፤ ዝም ብሎ እግሩ የሚሰንፍበትም አለ። ቡቺ ሲገጭ ዓይንሽ አይቷል፤ ምልክቱ የጀመረው ውሻ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በአሥር ቀን ውስጥ ስለሚሞት ሦስት ወር መቆየቱ የእግሩ ነገር ከዚያ እንዳልሆነ ያረጋግጥልናል። በሽታው ግን ሰውነት ውስጥ ለወራት ተደብቆ ሊቆይ ይችላል፤ ከዚህ በፊት ማን እንደነከሰው አናውቅም። የሚያመው ውሻ ደግሞ የሚወደውንም ሰው ይነክሳል። ምናልባት ቢነክስሽ ወይም ቢቧጭርሽ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ እጠቢ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂጂ። ምልክቱ ከታየ በኋላ ለሰው የሚሆን መዳኛ የለውም፤ ቀድሞ ከተደረሰ ግን ክትባቱ ያድናል።

አሁን ስለ እግሩ። ሲቆነጠጥ እግሩን መሰብሰቡ ብዙ ሰው የሚያጽናናበት ምልክት ነው፤ እኔ ግን በዚህ ላጽናናሽ አልችልም። ያ እንቅስቃሴ ከተሰበረው ቦታ በታች ያለው ነርቭ ለብቻው የሚሠራው ነው፤ ቡቺ ራሱ ላያውቀው ይችላል። ሐኪሙ ጣቱን በመቆንጠጫ ጠበቅ አድርጎ ሲይዝ የምታዪው ፊቱን ነው። ዞሮ ካየ፣ ካቃሰተ፣ ሊነክስ ከቃጣ ሕመሙ አእምሮው ደርሷል፤ ያኔ ወደፊት የሚሻሻልበት መንገድ ይኖራል። እግሩ እየተሰበሰበ ፊቱ ግን አንቺኑ እያየ ጸጥ ካለ፣ በተለይ ሦስት ወር ካለፈ በኋላ፣ እግሩ ይመለሳል ብዬ አልነግርሽም። አንድ ሐኪም ያለሽ ካልበቃሽ ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ ደውለሽ ቀን ይዘሽ ኤክስሬዩን አሳዪ። ወደፊት ለሚወስደው ሰው ልትነግሪው የሚገባው ትልቁ ነገር የዚህ ምርመራ ውጤት ስለሆነ ሳታውቂው አትቅሪ።

እናትሽ «በመርፌ ይረፍ» ማለታቸውን ጭካኔ አድርገሽ እንዳትወስጂባቸው። ቀኑን ሙሉ የሚያዩት እሳቸው ናቸው፤ ሲያቃስት የሚሰሙት እሳቸው ናቸው። ጥያቄያቸው ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን እግሩ አለመሥራቱ ላይ የለም። ሁለት እግሩ የማይሠራ ውሻ ሕመሙ ከተያዘለትና ፊኛው ባዶ ከሆነለት ይበላል፣ ይጫወታል፣ በር ሲንኳኳ ይጮኻል። እኔ ማሳረፍን የማነሣው ሕመሙ በመድኃኒት የማይታገሥ ሲሆን፣ ምግብ ሲተው፣ ኢንፌክሽኑ እየታከመ ሲመላለስ፣ ቁስሉ እየጠለቀ ሲሄድ ነው። አንድ ሌላም አለ፤ ሰው መስማት ባይወድም እናገረዋለሁ። ሁለት ወሩ አልቆ ፊኛውን በየቀኑ ባዶ የሚያደርግለት ሰው ካልተገኘ፣ ሐኪም እጅ ላይ፣ አንቺ ራሱን ይዘሽለት ቢያርፍ ይሻለዋል። አንዳንዱ ሰው «እግዜር ያውቅለታል» ብሎ ሥጋ ቤት ጀርባ ወይም ከከተማ ወጣ አድርጎ ጥሎት ይመለሳል፤ ያ ውሻ ፊኛውን ባዶ የሚያደርግለት ሳይኖረው፣ እየተሠቃየ ነው የሚሞተው። ይህን የምነግርሽ እንዲያስፈራሽ ሳይሆን ሁለቱ ወር በእርግጥ የሥራ ወር እንዲሆን ነው።

ወደ ፈላጊዎቹ ልምጣ። የሰበታው ሰውዬ አይሆንም፤ አትመላለሺበት። መጋዘን የሚጠብቅ ውሻ ቀን ታስሮ ሌሊት ይለቀቃል። ቡቺ ሲሚንቶ ላይ ታስሮ ቢውል በሳምንት ውስጥ ጭኑ ይላጣል፤ ሽንቱን የሚያስወጣለትም የለም። ሰውዬው ክፉ ነው አላልኩም፤ የሚፈልገው ሌላ ውሻ ነው።

የአክስትሽ ልጅ ፍቅሯ እውነተኛ እንደሆነ አልጠራጠርም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከኦገስት 1 ቀን 2024 ጀምሮ አሜሪካ ውሻ ማስገባት በጣም ጠብቋል፤ ኢትዮጵያ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት ከፍተኛ ነው ተብለው ከተመዘገቡት አገሮች አንዷ ናት። መጀመሪያ መለያ ቁጥሩን የያዘ ማይክሮቺፕ ከቆዳው ሥር ይገባለታል፣ ቀጥሎ ይከተባል፣ ከመጀመሪያው ክትባት 30 ቀን በኋላ ደሙ ተወስዶ በታወቀ ላቦራቶሪ ይመረመራል፤ ደሙ ከተወሰደ በኋላም ቢያንስ 28 ቀን ሳያልፍ አይገባም። የደም ውጤት ከሌለው እዚያ ሲደርስ 28 ቀን ማቆያ ውስጥ ይቀመጣል፤ ወጪው የባለቤቱ ነው። የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም ማኅተምና ፊርማ ያለበት ወረቀትም ይጠየቃል። ቀኑን ብትደምሪው ሁለት ወርሽ አልቋል። ይሄ ሁሉ ቢሟላ እንኳ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ከ13 ሰዓት በላይ በረራ ነው፤ ካርጎ ውስጥ ፊኛውን ማን ባዶ ያደርግለታል? ስለዚህ እህትሽን እንዲህ በያት፤ «ውሻውን ከመላክ ይልቅ አንቺ የወር ወጪውን ላኪለት።» ፓምፐርስ፣ የኢንፌክሽን መድኃኒት፣ የሐኪም፣ የጋሪው ማሠሪያ። ፈቃደኛ ከሆነች በየወሩ ስንት እንደምትልክና ለስንት ጊዜ እንደሆነ አሁኑኑ ተነጋገሩ። ይህን ስምምነት ለአሳዳጊው ማሳየት ከቻልሽ ግማሹ መንገድ ተሄደ ማለት ነው፤ ብዙ ሰው የሚፈራው ወጪውን ነውና።

መምህሩ አልወሰንኩም ማለታቸው አንቺን ተስፋ አስቆርጦሻል፤ እኔን ግን ደስ ያሰኘኝ እሱ ነው። ሦስቱን ጥያቄዎቻቸውን እስቲ ደግመሽ እያቸው። ሌሊት ያስነሣል ወይ ያሉት እንቅልፋቸውን አስበው ነው፤ ስንት ኪሎ ነው ያሉት ወገባቸውን አስበው ነው፤ ብታመም ማን ያየዋል ያሉት ከዓመታት በኋላ ያለውን አስበው ነው። ውሻው ቤታቸው ገብቶ፣ እሳቸው ሲያነሡት፣ ሲታመሙ በዓይነ ኅሊናቸው አይተውታል። ፎቶ አይተው «ሲያሳዝን» ያሉሽ ሰዎች ግን ከራሳቸው ቤት ጋር አላያያዙትም።

የማውቀውን ላጫውትሽ። አንድ ቤተሰብ ሰው ቤት ያደገች የድመት ልጅ ወሰደ። ድመቷ እናቷ እርጉዝ ሳለች ተላላፊ የድመት በሽታ ስለያዛት ሚዛን የሚጠብቀው የአንጎሏ ክፍል ሳያድግ የተወለደች ነበረች፤ ስትራመድ ትወላገዳለች፣ ምግብ ላይ ስታጎነብስ ጭንቅላቷ ይርገበገባል። እንዲህ ያለው ነገር አያምም፣ እየባሰም አይሄድም፣ አይተላለፍም። የሰጠቻቸው ልጅ ግን እንዳይተዉት ፈርታ «ትንሽ ትወላገዳለች» ብቻ ብላ አለፈችው። በሦስተኛው ቀን ትንሹ ልጃቸው ሲያተኩሰው «ከድመቷ ነው» ብለው ተሸበሩና በካርቶን አድርገው እኔ ወዳለሁበት ክሊኒክ ይዘዋት መጡ። ሳስረዳቸው ሰሙኝ፣ አመኑኝም፤ ሴትዮዋ ግን «ለምን ደበቁን?» ብለው ልባቸው ተሰብሮ ነበር፤ ድመቷን መልሰው ለመውሰድም እምቢ አሉ። በሽታውን ሲነገራቸው የሚቀበሉ ሰዎች ነበሩ፤ የተደበቀ ነገር መኖሩን ግን አልቻሉትም።

ስለዚህ ማስታወቂያሽን እንደገና ጻፊው። ዓይኑን እያንከራተተ ያነሣሽውን ፎቶ አውርጂና ጋሪው ላይ ቆሞ ወይም ስፖንጁ ላይ ተኝቶ፣ ፓምፐርሱም እየታየ አንሺው። ጽሑፉን እኔ ብጽፈው እንዲህ እለው ነበር፦ «ቡቺ፤ ወንድ፤ ሁለት ዓመት ገደማ። ወገቡ ተሰብሮ የኋላ እግሮቹ አይሠሩም፤ ሐኪሙ ይመለሳሉ ብሎ ተስፋ አልሰጠንም። በቀን አራት ጊዜ ሽንቱ በእጅ ይወጣለታል፤ እናስተምራለን። ክትባት ተከትቧል፣ ተኮላሽቷል። ሰው ይወዳል፤ ሌላ ውሻ ሲያይ ይጮኻል። ለጥበቃ አይሆንም። ወጪው በወር ይህን ያህል ነው፤ ከፊሉን የሚሸፍን ዘመድ አለው።» እድሜውንና ጠባዩን አንቺ አስተካክዪው፤ ያልሆነውን ሆነ አትበይ። የሚደውለው ሰው ቁጥር ይቀንሳል። የሚደውለው ግን አንብቦ የደወለ ይሆናል።

ለሚመጣው ሁሉ ቤቱን ሳታዪ አትስጪ። ፎቅ ነው? ደረጃ አለ? ግቢው አሸዋ ነው ሲሚንቶ? ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ማን ቤት ይኖራል? በዕለቱ «ስጪኝና ልሂድ» የሚል ሰው ካጋጠመሽ «ሦስት ቀን ጠዋትና ማታ እየመጡ አብረን እንሥራ» በይው። ከቀረ፣ ቀረ።

ሚጡን ደግሞ ለእናትሽ ተዪላቸው። አሳዳጊ አግኝታለች፤ አንቺ ነሽ ያላወቅሽው። ዕውር ድመት ቤቱን በጢሟ፣ በጆሮዋና በአፍንጫዋ ነው የምታውቀው፤ ካርታው ጭንቅላቷ ውስጥ አለ። እናትሽ የሚጠበቅባቸው ሶፋውንና አልጋውን አለማዘዋወር፣ የምግብ ሳህኑንና የምትጸዳዳበትን ሰጋቱራ ከቦታው አለማንሣት፣ ከመንካታቸው በፊት ድምፅ ማሰማት ነው። በሩ ክፍት እንዳይቀር፤ ውጭ ከወጣች መኪናውም ውሻውም አይታያትም። የጠፉት ዓይኖቿ አሁንም የሚያለቅሱ፣ መግል የሚይዙ ከሆነ ሐኪም ይያቸው፤ የቀረው ሕዋስ እያመማት ከሆነ ማውጣቱ ይሻላታል። ካልመከነችም ትምከን።

አንድ ነገር ግን ለእናትሽ ቁጭ ብለሽ ንገሪያቸው። ድመት ያለ ሥጋ አትኖርም። ውሻ እንጀራም ፍትፍትም ሲቀላቀልለት ይችለዋል፤ ድመት ግን ከሥጋ ብቻ የምታገኘው ነገር አለ፣ እሱ ሲጎድላት ልቧ ይዳከማል፣ የሚያዩ ድመቶችም ዓይናቸው ይጠፋል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ቤት ሥጋ አይገባም፣ የሰፈሩ ሥጋ ቤት ይዘጋል። ጾሙ ሳይገባ ሥጋ ቀቅለው በትንንሽ ፌስታል ፍሪዘር ውስጥ ያኑሩላት፤ ለብቻው ድስት፣ ለብቻው ሳህን ይኑራት። እንቁላልም ይጨመርላት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የገባበት ወጥ ግን ለሁለቱም አይሰጥ፤ ደማቸውን ይጎዳል። ከሥጋ ቤት የሚመጣ ሳንባና ጉበትም ጥሬውን አይሰጥ፤ በተለይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያለበት። ውሻው ውስጥ ትል ሆኖ ያድጋል፤ እንቁላሉ በሰገራው ወጥቶ ሰው ጉበት ውስጥ ይገባል።

መምህሩ እሺ ካሉ ርክክቡ አንድ ቀን ላይ አያልቅም። አንደኛውን ሳምንት እሳቸው ወደ እናንተ ቤት ይመላለሱ፤ ሁለተኛውን ቡቺ እሳቸው ቤት ሆኖ አንቺ ተመላለሺ። የለመደውን ስፖንጅ ሳታጥቢው አብሮት ይሂድ። ሽንቱ የሚወጣበትን ሰዓት፣ የመድኃኒቱን መጠን፣ የሐኪሙን ስልክ፣ «ይህን ካዩ ቶሎ ይሂዱ» የሚያሰኙትን ምልክቶች አንድ ገጽ ላይ ጻፊላቸው። ለሦስተኛው ጥያቄያቸው መልስ ይዘሽ ሂጂ፤ እሳቸው ቢታመሙ የሚተካ አንድ ሰው፣ ከልጆቻቸው ወይም ከጎረቤት፣ ከአሁኑ አብሮ ይማር። ካልቻሉም ለአንቺ ደውለው መናገር እንደሚችሉ፣ እንደማትቀየሚያቸው አስረጂያቸው። መመለሻ መንገድ ያለው ሰው በነፃነት ይወስዳል፤ ሲከብደውም አይደብቅሽም።

ገና አልወሰንኩም እንዳሉ ናቸውና ነገ ስትደውዪላቸው «ይወስዱታል ወይ?» ብለሽ አታጨናንቂያቸው። «ሐሙስ ሐኪም ዘንድ ልወስደው ነው፤ ፊኛውን እንዴት እንደማስወጣ ሊያሳየኝ ነው፤ አብረውኝ ቢመጡ» በያቸው። ሐኪሙ አንቺን ሲያስተምር እሳቸውም በእጃቸው ይሞክሩ። ለእሳቸውም የእጅ ጓንት ትልቁን ቁጥር ግዢ፤ ኤክስሬዩንም እንዳትረሺ።